ገጠር ላለ ሰው የአእምሮ ህክምና እንዴት ይገኛል? ከጤና ኬላ እስከ ሆስፒታል ደረጃ በደረጃ

የማላውቀው ቁጥር ሲደውልልኝ ጥያቄውን ገና ሳላነሳ አውቀዋለሁ። "አንቺ በወንድምሽ ያየሽው ነገር ነው፣ ልጄ እንቅልፍ ካጣ ወር አለፈው፣ ለብቻው ያወራል፣ አማኑኤል ላምጣው እንዴ?" በሳምንት ሁለት ሶስት ሰው ይደውላል፣ ሁሉም አገር ቤት ወላጅ ወይ ወንድም እህት ያለው ነው። እየደጋገምኩ ከማወራ ብዬ ነው አንዴ የጻፍኩት፣ ለሚጠይቃችሁ ሰው ላኩለት።

መልሴ ሁሌ አንድ ነው፦ ከአማኑኤል (አዲስ አበባ ካለው የአእምሮ ሆስፒታል) አትጀምሩ፣ መመላለስ ከምትችሉበት ቦታ ጀምሩ። እኛ ገልብጠን ነው የጀመርነው። ወንድሜን ከደቡብ ወሎ ገጠር አይሱዙ ላይ ጭነን፣ ከደሴ አውቶቡስ ይዘን፣ 400 ኪሎ ሜትር መጥተን አዲስ አበባ አሳከምነው፣ በሬ ተሽጦ ማለት ነው። የአንድ ወር መድሃኒት ተሰጠን፣ ደህና ሆኖ አገሩ ገባ፣ መድሃኒቱ አለቀ፣ የሚሸጥ ሁለተኛ በሬ የለም፣ በሶስተኛው ወር ልክ እንደድሮው ሆነ። ሐኪሙም መድሃኒቱም ጥሩ ነበሩ፣ ቦታው ነው የራቀን። ስለዚ ከታች ያለውን ስታነቡ እያንዳንዱ ስቴፕ ላይ "በሚቀጥለው ወርስ እዚህ መመለስ እችላለሁ ወይ" እያላችሁ አንብቡ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አስታማሚ ነኝ። መድሃኒት የሚያዘውም የሚቀይረውም ያየው ባለሙያ ነው።

ቅድሚያ፦ እነዚህ ካሉ ስቴፕ ምናምን የለም፣ ቀጥታ ሂዱ

ከዚህ በታች ካሉት አንዱ ካለ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን።

- ራሴን አጠፋለሁ ያለ፣ የተዘጋጀ ወይ የሞከረ ሰው። ብቻውን አትተዉት፣ ሽንት ቤት እንኳን ሲሄድ ሰው ይከተለው።
- የተባይ ማጥፊያ የጠጣ። አታስመልሱት፣ ራሱን እየሳተ ላለ ሰው ደግሞ ወተትም ውሃም አታጠጡ ትንታው ራሱ ይገድለዋል። እቃውን ከነጽሁፉ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ከሱ ነው።
- ትኩሳት እያለው ድንገት መቀባጠር የጀመረ። ይሄ ጭንቅላት ላይ የወጣ ወባ ወይ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል ነገር ነው። ለክፎት ነው እየተባለ ሶስት ቀን ቤት የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ እንዲ ያለው ነው።
- ከወለደች ቀናት ወይ ሳምንታት የሆናት አራስ ሆና እንቅልፍ ያጣች፣ ግራ የተጋባች፣ ስለ ልጇ እንግዳ ነገር የምታወራ። ህጻኑን ከሷ ጋር ለብቻ አትተዉ፣ እሷንም አትቆጧት።
- የሚጥል በሽታ ጥሎት 5 ደቂቃ ያለፈው፣ ወይ ሳይነቃ ደግሞ የጣለው።
- ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ ኖሮ ድንገት አቁሞ የሚንቀጠቀጥና የሌለ ነገር የሚያይ። "ጥሩ ነው ይውጣለት" ትላላችሁ፣ ግን በዚህም ሰው ይሞታል።
- ለቀናት ምግብም ውሃም እምቢ ያለ።

የወረዳው አምቡላንስ ስልክ ጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር አለ፣ ቀይ መስቀል ባለበት አካባቢ 907 ነው። "አምቡላንሱ ለወላድ ነው" ሊሏችሁ ይችላሉ፣ ለህይወት አስጊ ነው ብላችሁ ድርቅ በሉ፣ ካልሆነ ግን ክርክር ላይ ጊዜ አታጥፉ፣ ለወላድ የሚወጣው የሰፈሩ ቃሬዛ ለዚህም ይወጣል።

ምን ምን ያስፈልጋል

- ደብተርና እስኪሪብቶ
- የታማሚውም የአስታማሚውም መታወቂያ (የቀበሌ ወይ ፋይዳ)
- የታደሰ የጤና መድን መታወቂያ
- የድሮ ካርድ፣ ሪፈር ወረቀት፣ ቀጠሮ ወረቀት፣ ያለቀ መድሃኒት ማሸጊያ ሳይቀር። ሁሉም በአንድ ፌስታል ይሁን
- ቻርጅ የሞላ ስልክና የአየር ሰዓት
- ስንቅ፣ ውሃ፣ ጋቢ
- የመመለሻ ትራንስፖርት ብር ለብቻው ተቋጥሮ፣ የማይነካ
- ሁለት አስታማሚ። አንዱ ከታማሚው ጋር ይቀመጣል፣ አንዱ ካርድ ክፍልና ፋርማሲ ይሰለፋል። አንድ ሰው ብቻ ከሄደ ሰልፍ ላይ እያለ ታማሚው ተነስቶ ይጠፋዋል፣ እኛ ላይ ደርሷል

ስቴፕ 1፦ ያያችሁትን ጻፉ፣ የበሽታ ስም አታውጡ

ደብተሩ ላይ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ይበላ እንደሆነ፣ ይታጠብ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምጽ ይሰማው እንደሆነ፣ ይጠራጠር እንደሆነ፣ ይጥለው እንደሆነ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ያውቅ እንደሆነ፣ አረቄና ጫት ምን ያህል እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት እንዲ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ፣ ከዘመድ ተመሳሳይ የታመመ ካለ ጻፉ። የምትወስዱት እርጉዝ ወይ የምታጠባ ሴት ከሆነች እሱን ከላይ በትልቁ ጻፉት።

ለምን? ጤና ጣቢያ ላይ የሚያያችሁ ሰው ደጅ ላይ አርባ ሰው አለው፣ የሚሰጣችሁ ደቂቃ ጥቂት ነው። "አብዷል" ካላችሁት ምንም አልነገራችሁትም። "ከጥምቀት ወዲህ በሌሊት ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚተኛው፣ ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው ብሎ ከእናቱ እጅ እንኳን አይበላም" ስትሉት ግን ግማሹን ስራ ሰርታችሁለታል።

የሚጥል ከሆነ ደግሞ በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት፣ ለታማሚው ክብር ብላችሁ ለሐኪም ብቻ አሳዩና አጥፉት። ሐኪሙ ሲጥለው የማየት እድሉ ጠባብ ነው፣ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ከአንድ ሰዓት ወሬ ይሻላል።

ስቴፕ 2፦ ጤና ኤክስቴንሽኗን አናግሩ

ጤና ኬላ መድሃኒት የለውም ብላችሁ አትዝለሏት። አንድ ጤና ኬላ በአማካይ ለ3,000 እስከ 5,000 ሰው ነው የተሰራው፣ ስለዚ ቤታችሁን በስም ታውቀዋለች። የአእምሮ መድሃኒት አታዝም፣ ኃላፊነቷም አይደለም፣ ግን የትኛው ጤና ጣቢያ ላይ የሰለጠነ ሰው እንዳለ ታውቃለች፣ ወደዚያ ትልካችኋለች፣ በኋላ ደግሞ መድሃኒት የተወ ሰው ካለ ቤት ድረስ መጥታ የምታየው እሷ ናት። ከህክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ነው ከባዱ፣ ያኔ እሷ ታስፈልጋችኋለች፣ ከአሁኑ ተዋወቁ።

ሰፈር እንዳይሰማ የምትፈሩ ከሆነ ጤና ኬላው በር ላይ ሰው ባለበት ሳይሆን ቤቷ ወይ ስልክ ላይ አናግሯት።

ስቴፕ 3፦ ጤና ጣቢያው ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ

ይሄን ስቴፕ ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ደግሞ ትልቁ ነው እላለሁ። ጤና ጣቢያ ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች (ኤች ኦ የምንላቸው) በዓለም ጤና ድርጅት ኤምኤች ጋፕ በሚባለው ስልጠና ድብርት፣ የሳይኮሲስ ህመም (የሌለ ድምጽ መስማት፣ ያለ ምክንያት መጠራጠር ያለበት)፣ የሚጥል በሽታና የአልኮል ችግርን ማከም ይሰለጥናሉ። ችግሩ የሰለጠነው ሰው ይዛወራል፣ ትምህርት ይሄዳል፣ ስራ ይለቃል። ሶስት ሰዓት በእግር ሄዳችሁ "እሱ እኮ ሐምሌ ላይ ተቀየረ" ከመባል መደወል ይሻላል።

ስትደውሉ እነዚህን ጠይቁ፦

- የአእምሮ ህሙማንን የሚያይ፣ ኤምኤች ጋፕ የሰለጠነ ሰው አሁን አለ?
- በየትኛው ቀን ነው የሚገባው?
- መድሃኒት አላችሁ? ለድብርት አሚትሪፕቲሊን፣ ፍሉኦክሴቲን፤ ለሳይኮሲስ ሃሎፔሪዶል፣ ክሎርፕሮማዚን፤ ለሚጥል በሽታ ፌኖባርቢታል፣ ከነዚህ የትኛው አለ?
- ከሌላችሁ የትኛው ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል አለው?

የጤና ጣቢያው ስልክ ከሌላችሁ ወረዳ ጤና ጽ/ቤት ይሰጣችኋል። በገበያ ቀን አትሂዱ። አገሩ ሁሉ በዚያው ቀን ነው የሚታከመው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሚጨነቅ ወይ ሚጠራጠር ሰው ደግሞ ግርግር ያብስበታል።

"ጤና ጣቢያ ምን ያውቃል" ለምትሉ፦ ቡታጅራ አካባቢ በተሰራ ጥናት ከባድ የአእምሮ ህመም ያለባቸውን ሰዎች ግማሾቹን ጤና ጣቢያ፣ ግማሾቹን ሆስፒታል ሳይካትሪ (የአእምሮ ህክምና) ነርስ ጋ አድርገው ሲከታተሉ የጤና ጣቢያዎቹ ታካሚዎች ውጤት ከሆስፒታሎቹ አልወረደም። ቅርብ ነዋ፣ ሰው ይመላለሳል።

ስቴፕ 4፦ የብሩን ነገር ቀድማችሁ ጨርሱ

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መታወቂያው መታደሱን እዩ፣ የታማሚው ስምና ፎቶ እዛ ላይ መኖሩንም እዩ። ብዙ ቤት ውስጥ አባወራው ሲመዘግብ የታመመውን ልጅ ይረሳዋል ወይ አፍሮ ይተወዋል፣ ካርድ ክፍል ላይ ነው የሚታወቀው። ምዝገባና እድሳቱ በዓመት የተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቀበሌ ጠይቁና ቀኑ እንዳያልፋችሁ።

መክፈል ለማይችል ሰው ደግሞ መንግስት የሚከፍልለት አለ፣ ቀበሌ ላይ "የድሃ ድሃ" ተብሎ የሚመዘገበው ማለት ነው። ስሙ ደስ አይልም አውቃለሁ፣ ግን መድሃኒቱ ለዓመታት ነው፣ ተመዝገቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ መድኑ የሚሰራው በደረጃው ስትሄዱ ነው። ጤና ጣቢያን ዘላችሁ ያለ ሪፈር ሆስፒታል ከገባችሁ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። መድሃኒት የለም ተብላችሁ ከግል ፋርማሲ ከገዛችሁ ደረሰኝና የማዘዣውን ኮፒ ያዙ፣ ይመለስ እንደሆነ ወረዳው መድን ቢሮ ጠይቁ።

ስቴፕ 5፦ ታማሚውን አታታሉት

"ሠርግ ልንሄድ ነው" ብለው የሚወስዱ አሉ። አንዴ ይሰራል። ሁለተኛ ግን እናንተንም ሐኪሙንም መድሃኒቱንም አያምንም፣ በተለይ መጠራጠር ያለበት ሰው "ይኸው ሲዶልቱብኝ ነበር" ይላል፣ እውነቱንም ነው። እሱ ራሱ በሚያማርረው ነገር ግቡ፦ "እንቅልፍ አጣሁ እያልክ ነው፣ እንቅልፍህን የሚያይ ሰው አለ፣ አብረን እንሂድ።" የሚያከብረው ሰው ይንገረው፣ አጎቱ ይሁን የክርስትና አባቱ ይሁን ጓደኛው፣ አንድ ሰው ብቻ። አስር ሰው ከቦት አይለምነው።

እምቢ ካለና አደጋ ከሌለ ባለሙያውን መጀመሪያ እናንተ ብቻችሁን ሄዳችሁ አማክሩት፣ ደብተሩን ይዛችሁ። ሳያየው መድሃኒት አያዝላችሁም፣ ግን እንዴት እንደምታመጡት ይነግራችኋል።

ስለ ሰንሰለት፦ ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም የሚያስረው፣ እንዳይጠፋ ገደል እንዳይገባ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እግሩ ይቆስላል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ሰውየው ይብሳል። የታሰረ ሰው ካለ ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሯት፣ እዛው ቤት መጥቶ የሚያይ ባለሙያ እንዲላክ ጠይቁ። መድሃኒት ጀምሮ እስኪረጋጋ በተራ ሰው መጠበቅ ይሻላል፣ ዕድር ለለቅሶ ሰው የሚመድበው እኮ ለዚህም መመደብ ይችላል።

ስቴፕ 6፦ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ

ጠዋት ካርድ ክፍል ሳይከፈት ድረሱ። ተራችሁ ሲደርስ ደብተሩን አንብቡለት፣ ከዚያ "ለብቻው ያናግሩት እባክዎ" በሉና ውጡ። ሰው እናቱ ፊት ራሴን ላጠፋ አስቤያለሁ አይልም፣ ባሏ ፊት ደግሞ ይመታኛል አትልም።

የሰውነት ምርመራም ጠይቁ፣ የወባ፣ የስኳር፣ የደም ማነስ፣ የኤችአይቪ፣ ከተቻለ የእንቅርት። የአእምሮ ህመም የሚመስሉ የሰውነት በሽታዎች አሉ፣ እነሱ ሳይታዩ ለዓመታት የአእምሮ መድሃኒት የሚወስድ ሰው አለ።

ከመውጣታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁና መልሱን ጻፉ፦

- መድሃኒቱ ስሙ ማን ነው፣ በስንት ሰዓት ስንት ፍሬ?
- ስራው የሚታየው ከስንት ሳምንት በኋላ ነው?
- ምን ዓይነት ጉዳት ካመጣ ነው ተመልሰን የምንመጣው?
- አንድ ቀን ቢረሳስ?
- ቀጠሮ መቼ ነው፣ መንገድ ቢዘጋ ወይ ወንዝ ቢሞላ የት ጋ ነው መድሃኒት የምናገኘው?

የመጨረሻውን አትርሱ። ክረምት የሚሞላ ወንዝ ካለባችሁ ወይ አካባቢው ሰላም ካልሆነ የሁለት ወይ ሶስት ወር መድሃኒት ይሰጠን በሉ። ታማሚው ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለበት ግን ብዙ መድሃኒት በአንዴ ቤት መግባት የለበትም፣ በተለይ አሚትሪፕቲሊን አብዝቶ ከተወሰደ ይገድላል። እሱን ለሐኪሙ ንገሩና በትንሽ በትንሹ ይስጣችሁ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። የእርሻ መድሃኒቱም እንደዛው፣ ከቤት ይውጣ።

ስቴፕ 7፦ ሪፈር ሲጻፍ

ጤና ጣቢያው ካልቻለ ሪፈር ወረቀት ይጽፋል። ቅደም ተከተሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ከዚያ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያ ስፔሻላይዝድ ነው። ብዙ ሆስፒታል ላይ ሳይካትሪስት ባይኖር እንኳን ሳይካትሪ ነርስ ወይ በአእምሮ ጤና ማስተርስ ያለው ባለሙያ አለ፣ አብዛኛውን ነገር እነሱ ይጨርሳሉ። ከፍ ያለ ካስፈለገ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የሳይካትሪ ክፍል አላቸው፣ ጎንደር፣ ጅማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ አይደር። አዲስ አበባ ደግሞ አማኑኤልና ቅዱስ ጳውሎስ አሉ።

ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት ሶስት ነገር እዩ፦ ማህተም፣ የሚላክበት ሆስፒታል ስም፣ እስካሁን የወሰደው መድሃኒት ከነመጠኑ። እኛ አንድ ቦታ ማህተም የለውም ተብለን በር ላይ ተመልሰናል፣ ለአንዲት ማህተም የሁለት ቀን መንገድ። ስልክ ላይም ፎቶ አንሱት።

አልጋ ይዞ መታከም ማለት ታማሚውን እዛ ጥሎ መሄድ ማለት አይደለም። አልጋ ጥቂት ነው፣ የሚተኛው የባሰበት ሰው ነው፣ ሲረጋጋ ይወጣል፣ ብዙ ቦታም አስታማሚ አብሮ እንዲሆን ይፈለጋል። ማን እንደሚቀመጥ፣ የት እንደሚያድር፣ ምን እንደሚበላ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። አማርኛ የማይሰማ ታማሚ ከሆነ ቋንቋውን የሚያስተረጉም የሚያምነው ሰው ይሂድ።

ስትወጡ ደግሞ ይቺን ጠይቁ፣ ይቺ ናት የኛን ቤት ያዳነችው፦ "ክትትሉን አጠገባችን ያለው ጤና ጣቢያ እንዲሰጠን ወደ ታች ይጻፉልን።" ሆስፒታሉ ህመሙን፣ መድሃኒቱንና መጠኑን ጽፎ ወደ ጤና ጣቢያ ይመልሳችኋል። ሳይጠየቅ የሚጽፍ አለ፣ ብዙ ጊዜ ግን ወረፋው ስለሚያጣድፋቸው ይረሱታል።

ስቴፕ 8፦ መድሃኒቱ ቤት ከገባ በኋላ

የድብርት መድሃኒት ስራው እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል፣ አንዳንዱ ከዚያም በላይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አፍ መድረቅ፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ሊኖር ይችላል። ማለትም ጉዳቱ ከጥቅሙ ቀድሞ ነው የሚመጣው፣ ይሄን የማያውቅ ሰው በአምስተኛው ቀን "ጎዳኝ እንጂ ምንም አልጠቀመኝ" ብሎ ይጥለዋል።

ሃሎፔሪዶል የጀመረ ሰው አንገቱ ሊጣመም፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ ምላሱ ሊተሳሰር ይችላል። ያየ ሰው ይደነግጣል፣ "ዛሩ ተቆጣ፣ መድሃኒቱን አልወደደውም" ተብሎ ይቆማል። ዛር አይደለም፣ የመድሃኒቱ የታወቀ ጉዳት ነው፣ መድሃኒት አለው፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱትና መጠኑን ወይ ዓይነቱን ይቀይሩለታል። ክሎርፕሮማዚን ደግሞ ቆዳን በጸሐይ ያስቃጥላል፣ ድንገት ሲነሱም ያዞራል፣ ሚያርስ ወይ ከብት ሚጠብቅ ሰው ባርኔጣ አድርጎ፣ ጠዋት ከመደብ ቁጭ ብሎ ቆይቶ ይነሳ።

ክኒን መዋጥ እምቢ ለሚል ወይ ለሚረሳ ሰው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ፣ ፍሉፌናዚን ይባላል። መመላለሱ ለሚከብደው ሰው ጥሩ ነው፣ ሐኪሙን ጠይቁ።

የሚጥል በሽታ መድሃኒት፣ በተለይ ፌኖባርቢታል፣ በአንድ ጊዜ አይቆምም። አልቆ ሁለት ቀን ማደር ማለት የማያቋርጥ መጣል ሊያመጣ ይችላል፣ ስለዚ የአንድ ሳምንት ሲቀረው ሂዱ እንጂ ሲያልቅ አትሂዱ። ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት ሶዲየም ቫልፕሮዬት ከታዘዘላት ደግሞ ሌላ አማራጭ እንዳለ ትጠይቅ፣ ጽንስ ይጎዳል፣ ራሷ ግን እንዳታቆመው።

የሚጥለው ሰው ሲጥለው ክብሪት አታሽቱት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ አትያዙት። በጎኑ አስተኙት፣ ከጭንቅላቱ ስር ጋቢ አድርጉ፣ ሰዓት ቁጠሩ። ምድጃ አጠገብም ብቻውን አይቀመጥ፣ በዚህ በሽታ ብዙ ሰው የሚጎዳው እሳት ላይ ወድቆ ነው።

ስቴፕ 9፦ ጠበሉን፣ ዱዓውን፣ ጾሙን ከመድሃኒቱ ጋር አስታርቁ

ጠበል ተዉ አልልም፣ እኛም ወንድሜን አስጠምቀናል። የምለው መድሃኒቱን ይዞ ይጠመቅ ነው። የኤችአይቪ መድሃኒት ጊዜ ተመሳሳይ ክርክር ነበር፣ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ መድሃኒቱንና ጠበሉን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ተናግረዋል። የነፍስ አባቱ ወይ ሼኹ "መድሃኒቱን እንዳትተው" ቢሉት ከሐኪሙ ይልቅ ይሰማቸዋል፣ ስለዚ ቀድማችሁ እሳቸውን አናግሩ። ጠበል ቦታ ለሱባዔ የምትሄዱ ከሆነ የቀኑን ያህል መድሃኒት ቆጥራችሁ ያዙ።

ጾም ላይ ብዙ መድሃኒት ማታ በአንዴ የሚወሰድ ሊሆን ስለሚችል ከዘጠኝ ሰዓቱም ከኢፍጣሩም ጋር አይጋጭም። ቀን ላይ የታዘዘ ካለ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙ ሰዓቱን ያስተካክለው፣ ራሳችሁ አታዘዋውሩት። ውሃ ሳይጠጣ በባዶ ሆዱ የሚውል ሰው ክሎርፕሮማዚን ላይ ከሆነ ማዞሩ ይብስበታል፣ እሱንም ንገሩት።

መደብደብ፣ በጭስ ማፈን፣ ምግብ መከልከል ካለበት ቦታ ግን አውጡት፣ ማንም ይሁን ማን የሚያደርገው።

ስቴፕ 10፦ ለመመላለሱ ሰው መድቡ

አስታማሚ አንድ እናት ብቻ ከሆነች በስድስት ወር ትደክማለች። ቤተሰብ ተሰብስቦ ይከፋፈል፦ ማን ነው በየወሩ ይዞት የሚሄደው፣ ማን ነው ክኒኑን ማታ ማታ የሚሰጠው፣ ከተማና አረብ አገር ያለው ደግሞ በየወሩ ስንት ነው በቴሌብር የሚልከው። አንዴ ብዙ ብር ልኮ ከመጥፋት በየወሩ ትንሽ መላክ ይሻላል፣ መድሃኒቱ በየወሩ ነው የሚያልቀው። ጤና ጣቢያው መድሃኒት ካለቀበት ከተማ ያለው ሰው የማዘዣውን ፎቶ ይዞ ከመንግስት ሆስፒታል ወይ ከቀይ መስቀል ፋርማሲ ይፈልግ፣ ከግል ይልቅ ዋጋቸው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። አንዳንዱ መድሃኒት ግን ዋናውን ማዘዣ ስለሚጠይቅ ፎቶ ብቻ አይበቃም።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- ሲሻለው ማቆም። ዋናው ይሄ ነው። የተሻለው መድሃኒቱ ስላለ ነው። መቼና እንዴት እንደሚቀነስ ሐኪሙ ይወስን።
- የጎረቤትን መድሃኒት መስጠት፣ "የሱም እንደዚሁ ነበር" ብሎ።
- እንቅልፍ አጣ ብሎ ከፋርማሲ ዲያዜፓም እየገዙ ለወራት መስጠት። ሱስ ያስይዛል፣ ዋናውን ህመም ደግሞ አያክምም።
- መድሃኒት እየወሰደ ጫትና አረቄ መቀጠል። ጫት ጥርጣሬና ድምጽ መስማትን ያባብሳል፣ እንቅልፍ ይነሳል።
- "ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ" ብሎ መጠየቅን መፍራት። ጠይቁ፣ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፣ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው በማግኘቱ ይቀለዋል።
- እሱ ባለበት "ይሄ እብድ" እያሉ ማውራት። ይሰማል፣ ሲድንም ያስታውሰዋል። ወንድሜ የትኛዋ አክስት ምን እንዳለች እስከዛሬ ቆጥሮ ይነግረኛል።
- ይድናል ብሎ ማጋባት። ሠርግ ሲቀርብ ደግሞ እንዳይታወቅ መድሃኒቱን ያስቆሙታል።
- ከአንድ ቀጠሮ ቀርቶ ተመልሶ ለመሄድ መፍራት። "ይቆጡናል" ተብሎ ሶስት ወር የሚቀር አለ። ቢቆጧችሁም ሂዱ፣ ካርዱ እዛው ነው ያለው።

አሁን የምትጀምሩ ከሆነ ዛሬ ማታ ደብተሩን ጻፉ፣ ነገ ጠዋት ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደውሉ። ስልኳ ከሌላችሁ የቀበሌው ሊቀመንበር ወይ በቅርቡ ልጅ ያስከተበች ጎረቤት አላት።